ሰባት ቀለበት፣ አርባ እሳት

ሮበርት ሆሪ 7 የኤንቢኤ ቀለበት አለው። ማይክል ጆርዳን 6፣ ሊብሮን ጄምስ 4። ቻርልስ ባርክሌይ፣ ካርል ማሎን፣ ጆን ስቶክተን፣ አለን አይቨርሰን ደግሞ ባዶ እጃቸውን ነው ያቆሙት። ክርክሩ በቀለበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጨዋታ በአማካይ 7 ነጥብ ያስቆጠረውና አንድም ጊዜ ለኦል ስታር ያልተመረጠው ሆሪ ከሁሉም በላይ መቀመጥ ነበረበት። ማንም ግን እንዲህ አይልም። የሆሪ ስም የሚነሳው የሌላውን ክርክር ለማፍረስ ብቻ ነው፤ "ቀለበት ቀለበት ካልክ ሆሪ ከጆርዳን ይበልጣል በላ!" ይባላል፣ ይሳቃል፣ ከዚያ ያው ወደ ቀለበት ይመለሳል።

ይህን ክርክር እወደዋለሁ። የፍጻሜ ጨዋታ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የሚነሱ፣ በማግስቱ ሥራ ቦታ ዓይናቸው እየተከደነ ስለ ሊብሮን ሌጋሲ የሚጨቃጨቁ ጓደኞች አሉኝ። (ሌጋሲን በአማርኛ ምን እንበለው? "ውርስ" ስንለው የሟች ቤትና መሬት ይመስላል። "ስም" ይሻላል። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ብሎ የተረተው ሰው እኛ ግሩፕ ውስጥ ቢገባ ቶሎ ይለምድ ነበር።) ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የምንለካበት መለኪያ ቀስ በቀስ ያየነውን ነገር ራሱን ይተካዋል።

"6 ለ 0" የሚለውን እንውሰድ። ጆርዳን 6 ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ 6 ጊዜ አሸነፈ፣ በስድስቱም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ሊብሮን 10 ጊዜ ደርሶ 6ቱን ተሸነፈ። ስለዚህ ጆርዳን። እሺ፣ እኔም ብጠየቅ ጆርዳን ነው የምለው። ግን ጆርዳን በ1985፣ በ1986 እና በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተሰናበተው በመጀመሪያው ዙር ነው። ከ1988 እስከ 1990 ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዲትሮይት ፒስተንስ አስቀርተውታል። እነዚህ ሽንፈቶች "6 ለ 0" ውስጥ የሉም። ሊብሮን በ2007፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ክሊቭላንድን ይዞ ፍጻሜ ደርሶ በሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 መሸነፉ ግን ተቆጥሮበታል። በዚህ ሒሳብ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ቤት መግባት ፍጻሜ ደርሶ ከመሸነፍ ይሻላል ማለት ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ ቶሎ ይሸተኛል። የፕሮግራመርን ጉብዝና በጻፈው የኮድ መስመር ብዛት የሚለካ አለቃ በወሩ መጨረሻ የሚያገኘው ረጅም ኮድ ነው፤ ጥሩ ኮድ ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ኤልጂን ቤይለር ነው። ለሌከርስ ተጫውቶ 8 ጊዜ ፍጻሜ ደረሰ፣ ስምንቱንም ተሸነፈ። በ1971-72 የውድድር ዘመን ጉልበቱ እምቢ ብሎት 9 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ። ሌከርስ እሱ ካቆመ በኋላ ካደረጉት የመጀመሪያ ጨዋታ ጀምሮ 33 ጊዜ በተከታታይ አሸነፉ፣ በዓመቱ መጨረሻም ዋንጫውን አነሱ። የቡድን ጓደኛው ጄሪ ዌስት በ1969 ቡድኑ በቦስተን ተሸንፎም የፍጻሜው ኮከብ ተብሏል፤ በኤንቢኤ ታሪክ ከተሸናፊ ቡድን የተመረጠ ሌላ ሰው የለም። ያኔ የመረጡት ሰዎች ውጤቱን ሳይሆን ሰውየውን አይተዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያው ፍጻሜ ያሸነፈው ቢል ራስልስ? በ13 ዓመት 11 ዋንጫ። ነገር ግን ራስልን ራስል ያደረገው ብሎክ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1973-74 ነው፤ እሱ በ1969 አቁሟል። ስንት ኳስ እንዳገደ የሚያሳይ ይፋዊ መዝገብ የለም። የሚያውቁት ቁጭ ብለው ያዩት ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ቅርጫት ኳስ ብቻ ለማውራት አይደለም። ስለ ሊብሮን የ2011 ፍጻሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊከራከር የሚችል ሰው፣ የገዛ ጓደኛው የሠራውን የ3 ደቂቃ ራፕ ስንት ደቂቃ ይሰማዋል?

የማውቀው አንድ ልጅ አለ። ቀን ሥራ ይሠራል፣ ማታ ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ከላይ ጥሎ በስልኩ ይቀዳል። ቢቱን ከዩቲዩብ ያወርዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ዘፈን ሠርቶ ግሩፕ ላይ ለቀቀ። እኔ ግሩፑ ውስጥ የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኖቹን በአንድ ቅዳሜ ተራ በተራ ነው የሰማኋቸው። ከእያንዳንዱ ሥር እሳት፣ እሳት፣ እሳት ተደርድሯል። "አቃጠልከው ብሮ"። "ጨርሰሃል"። አንዱ ላይ ብቻ 40 እሳት ቆጠርኩ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ ግን ምንም የለም። ለምን እንዳቆመ ስጠይቀው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ "ሁሉም እሳት ነው አሉኝ፤ ሁለተኛው ቬርስ ላይ ስለማን እንደማወራ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም" አለኝ።

ሁለተኛው ቬርስ ስለ እናቱ ነበር። ታማ ነበር፣ ተርፋለች።

መቼም ማንም ሊጎዳው ብሎ አይደለም። እሳት የምትለዋን ምልክት መጫን ደግነት ነው የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜም ነው። ግን ነገሩን ሳስበው ቀለበቱና እሳቱ ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስለኛል። ለሩቁ ሰው ምሕረት የሌለው ዳኝነት እንሰጣለን፣ ምክንያቱም ሊብሮን አይሰማንም፤ ነጻ ነው። ለቅርቡ ሰው ዳኝነት የሌለው ምሕረት እንሰጣለን፣ ምክንያቱም ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን፤ እውነቱ ያስከፍላል። በሁለቱም በኩል ምቾታችን አይነካም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ማስተማሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ "ወይ የምንጊዜም ምርጥ ነው ወይ ምንም አይደለም" እያልን ስንከራከር ከርመን፣ ጓደኛችን መካከለኛ ዘፈን ይዞ ሲመጣ የምንናገርበት ቋንቋ ያጥረናል። "ደህና ዘፈን ነው፣ ሁለተኛው ቬርስ ጥሩ ነው፣ ቢቱ ድምፅህን ውጦታል" የሚለው አረፍተ ነገር በእኛ መለኪያ ስድብ ሆኗል። ደህና መሆን ቀለበት አያሰጥማ! ስለዚህ ወይ እሳት ወይ ዝምታ።

ሊባል የሚችል ነገር ግን ሞልቶ ነበር። ለምሳሌ በአማርኛ ራፕ የሚሠራ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። የአማርኛ ግስ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት መምታት በጣም ርካሽ ነው። ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ ብለህ እስከ ጠዋት መቀጠል ትችላለህ። የልጁ የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በሙሉ እንደዚህ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ግን ግሱን ወደ መሐል አምጥቶ በስም መጨረስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ለውጥ ለማየት ኤክስፐርት መሆን አያስፈልግም፣ ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ መስማት ነው።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። የእናቱ ቬርስ የሚያልቀው "አለች" በሚል ቃል ነው። ጠብቆ ሲነገር "በሕይወት አለች" ነው፤ ላልቶ ሲነገር "ተናገረች" ነው። ቢቱ ፈጣን ስለነበር ቃሉ ላልቶ ወጣ። ሊል የፈለገው እናቱ እንዳለች ነው፤ የተሰማው ግን አንድ ነገር ልትናገር ጀምራ የተቋረጠች ሴት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ 40 ሰው አልፎት ሄደ።

ኳሱና ራፑ አንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ጊዜም አለ። ሻኪል ኦኒል በ1993 ያወጣው አልበም ፕላቲነም ሆኗል። ኮቢ ብራያንት በ2000 አንድ ዘፈን ለቆ አልበሙ ሳይወጣ ቀረ፤ የአይቨርሰንም እንዲሁ። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ዴሚየን ሊላርድ ነው። ለፖርትላንድ 11 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ቀለበት አላገኘም። በ2014 ሂውስተንን በ0.9 ሰከንድ፣ በ2019 ኦክላሆማ ሲቲን ከ11 ሜትር ገደማ ርቀት ባስቆጠረው ኳስ አሰናብቷል። ዴም ዶላ በሚል ስም ራፕ ይሠራል፣ በ2016 የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቷል። በቀለበት ሒሳብ ሊላርድ ባዶ ነው፣ በራፕም ከታላላቆቹ ተርታ የሚያስገባው የለም። ግን ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ዓርብ ዓርብ ማንኛውም ሰው 4 ባር ብቻ ራፕ አድርጎ ኢንስታግራም ላይ እንዲለቅ ጋበዘ። አራት ባር! ያን ያህል አጭር ነገር ደግሞ ሳይሰሙ ማለፍ ራሱ ይከብዳል።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቅኔ ቤት ጀማሪ ተማሪ በሥላሴ ወይም በመወድስ አይጀምርም፣ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። የኔታ "እሳት ነው ልጄ" ብለው አያሰናብቱትም። ከቀደሙት ሊቃውንት ጋር አወዳድረውም ደረጃ አይሰጡትም። ቤቱ ከጎደለ ጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልተገናኘ አልተገናኘም ይሉታል።

ጀማሪ ማበረታቻ ያስፈልገዋል፣ ክፉ ቃል ይገድለዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። አንድ ቃል ሰምቶ ዳግም ያልዘፈነ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። "እኔ እውነቱን ነው የምናገረው" እያለ የጓደኛውን ዘፈን እንደተሸነፈ ቡድን የሚረግጥ ሰውም አለ፤ እሱ እንዲያውም ከእሳት ባዮቹ ብዙ አይለይም፣ ሁለቱም ከመስማት በፊት ፈርደዋል። በሥራችን አንድ ሰው የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ዋናው አይገባም። የኮድ ሪቪው ልምድ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ ያውቃል። አንዱ 800 መስመር በ30 ሰከንድ "ጥሩ ነው" ብሎ ያሳልፍልሃል። ሌላው መስመር 212 ላይ "ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣ ምን ይሆናል?" ብሎ ይጠይቅሃል። መጀመሪያ ላይ ሁለተኛው ያናድዳል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ከባድ ሥራ ሲገጥምህ ለማን እንደምትልክ ታውቃለህ።

ለእኔ ልዩነቱ ደረጃ በማውጣትና በመስማት መካከል ነው። ጆርዳን ሥራውን ጨርሷል፤ ደረጃ ብናወጣለት አይጎዳም፣ እኛም እንዝናናለን። ደግሞ ክርክሩ ጥሩ ሲሆን በውስጡ መስማት አለ። በ1998 ዩታ ላይ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ጆርዳን ያገባትን ኳስ ስናነሳ፣ ብራያን ራስልን በእጁ ገፍቶታል አልገፋውም ብለን የእግሩን አቀማመጥ ሳይቀር እናስታውሳለን። ይህን ያህል ዓይን አለን ማለት ነው! ክፍሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚቀዳው ልጅ ደግሞ ከኬንድሪክ ላማር በስንት እንደሚያንስ አልጠየቀም። የጠየቀው ያችኑ ዓይን ነው።

ባለፈው ወር አንድ ፋይል ላከልኝ። ግሩፕ ላይ ሳይሆን ለእኔ ብቻ። 1 ደቂቃ ከ50፣ የድሮው የእናቱ ቬርስ ነው፣ በቀስታ ቢት እንደገና የተቀዳ። ሦስት ጊዜ ሰማሁትና ድምፅ ቀድቼ መለስኩለት፤ "አለች" አሁን ጠብቃለች፣ ትክክል ነች፣ መግቢያው ግን ይረዝማል፣ ቤዙ ደግሞ አሁንም ድምፅህን እየዋጠው ነው አልኩት። ስለ መግቢያው አልተስማማም። እስካሁን እየተከራከርን ነው።