ለሥራ ፈተና ስንቀርብ ፊትን ማስተካከል ግብዝነት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ከመካከላችን አንድ ወንድም በአንድ መሥሪያ ቤት ለቃል ፈተና ቀርቦ፥ ፈታኞቹ ታላላቆቹ ስለ ነበሩ አንገቱን ደፍቶ መለሰ። በኋላ የተነገረው ግን «በራስህ አትተማመንም» የሚል ነበር። እርሱም ወደ እኛ መጥቶ «እናቴ ጨዋነት ብላ ያስተማረችኝን ትቼ ሌላ ሰው መስዬ ልቅረብን? ይህስ ግብዝነት አይደለምን?» ሲል ጠየቀን። ከጉባኤ በኋላ ተቀምጠን የተወያየንበት ይኸው ነው።

ሰውነታችን ዝም ብሎ አያውቅም። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ የሚሰጠንን በሁለት እጅ እንቀበላለን፤ በቅዳሴም ጊዜ እንሰግዳለን። እነዚህ ሁሉ ያለ አፍ የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ነገር ግን እንደ ማንኛውም ቋንቋ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። በእናታችን ቤት አንገትን መድፋት አክብሮት ሲሆን፥ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት እንደ ፍርሃት ይቆጠራል። አማርኛ ለማያውቅ ሰው እርሱ በሚያውቀው ቋንቋ መናገር ግብዝነት ካልሆነ፥ ፈታኙ በሚያውቀው ምልክት አክብሮታችንን መግለጥም ግብዝነት አይሆንም።

ዮሴፍን እናስታውስ። ከግዞት ቤት ወጥቶ በፈርዖን ፊት ሲቀርብ ተላጨ፥ ልብሱንም ለወጠ። ሕልም መፍታት ግን የእግዚአብሔር እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ በግልጥ ተናገረ። መልኩን ለወጠ እንጂ እውነቱን አልለወጠም። በአንጻሩ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የነቀፋቸው ጿሚዎች ፊታቸውን የሚያጠወልጉት የሰውን ምስጋና ለመሸመት ነበር። እንግዲህ ያለን ነገር በትክክል እንዲታወቅልን ብለን ቀና ብንል ነውር የለበትም፤ የሌለንን ሙያ ያለን ለማስመሰል ከሆነ ግን አፋችን ባይናገረውም ሐሰት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የሌላውን ፊት ማንበብ ነው። ሰው ከሚያስተላልፈው መልእክት ቃሉ 7 ከመቶ ብቻ ነው፥ የቀረው በድምፅና በፊት ነው የሚል አባባል በየመመሪያው ይጻፋል። ቁጥሩ ግን አልበርት መህራቢያን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር በ1967 እ.ኤ.አ. ካሳተሟቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው፤ የተመረመረውም ሰው መውደዱንና መጥላቱን እንዴት እንደሚገልጥ ነበር። ለንግግር ሁሉ እንደማይሠራ እርሳቸው ራሳቸው አስረድተዋል። ስለዚህ ፈታኙ ሰዓቱን ቢመለከት «ጠልቶኛል» ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ ቤቱ በሽተኛ ትቶ መጥቶ ይሆናል። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ ተሳስቶ ነበር።

ወንድማችን ሥራ ገና አላገኘም። ለሚቀጥለው ፈተና ቀና ብሎ መመለስን ከእኛ ጋር ይለማመዳል፤ እናቱ ስታናግረው ግን አሁንም አንገቱን ይደፋል። ሁለቱም እርሱ ነው።

ነገ ደግሞ እኛ ራሳችን በፈታኝ ወንበር ላይ እንቀመጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ከገጠር የመጣች እኅት አፏን በነጠላዋ ሸፍና፥ በዝግታ ብትመልስልን፥ ከመፍረዳችን በፊት ጥያቄውን ደግመን እንጠይቃት። ዛሬ ለራሳችን የምንመኘው ትዕግሥት ይኸው ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።