ዓርብ የመጣው እንግዳ

ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። «የኔታ፣ ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት አለፈው እንላለን፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በሚሊዮን ይቆጥሩልናል። የቱን እንያዝ?» የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ሳይንስ ግምት ነው» ብሎ ጠያቂውን ማስቀመጥ ነው። ሌላው «የእግዚአብሔር ቀን እንደ እኛ ቀን አይደለም፤ አንዷ ሺህ ዓመት ታክላለች» ብሎ ማስታረቅ ነው። ይህ ሁለተኛው የዋህ ሰው ያሳርፋል፤ ሒሳብ የሚችል ልጅ ግን አያሳርፍም። ስድስቱን ቀን በሺህ ቢያባዛው ስድስት ሺህ እንጂ ሚሊዮን አይወጣለትምና።

የእኔ መልስ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ግማሹ ከስሜን ተራሮች ገደል የተገኘ ነው። መልሱን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አነሰብኝ፤ ከበስተኋላው ሌላ፣ የባሰ ጥያቄ ቆሞ አየሁ።

ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበርና በግጭ አድርገን እስከ ጨነቅ የሄድነው የሥነ ምድር ጉብኝት ነበር። አብዛኛው ሰው ስሜን የሚወጣው ጭላዳና ዋልያ ለማየት ነው። የእኛ አስጎብኚ ግን የጎንደር ልጅ፣ ሙያው ጂኦሎጂ የሆነ ወጣት ነውና ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ጀርባውን ሰጥቷቸው ገደሉን ያሳየናል። የጅንባር ወንዝ ከአፋፉ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወርበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ውኃውን ስናይ እሱ ማዶ ያለውን ግድግዳ በእጁ እየከፈለ ይቆጥር ነበር።

«የኔታ፣ ደረጃውን ያዩታል? እያንዳንዱ እርከን አንድ ጊዜ ፈስሶ የረጋ ላቫ ነው።»

አየሁት። ገደሉ ወጥ ድንጋይ መስሎኝ ኖሯል፤ ልብ ብሎ ላየው ግን ተደራራቢ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቅ የተነሣ ትኩስ ዓለት ከሥር ገፍቶ ምድሪቱን ሰነጠቃት፤ በስንጥቁ የወጣው ላቫ ዛሬ የኢትዮጵያ ደጋ የምንለውን አገር አለበሰው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ላይ የስሜን የራሱ ሰፊ እሳተ ገሞራ ፈሰሰበት። ደጋው ከፍ እያለ ሲሄድ የተከዜ ገባሮች ጎኑን ይበሉት ጀመር። ስለዚህ ተራራው ከሜዳ ላይ የበቀለ አይደለም፤ ወንዞቹ ሲበሉት የተረፈ ነው። 4,550 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ደጀንም ሳይቀር ትራፊ ነው።

ልቤን የያዘው ግን ቁመቱ አልነበረም። በእርከኖቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀላ ያለ ስስ መስመር ይታያል። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አፈር ነው» አለኝ። «አንዱ ላቫ ከረጋ በኋላ ዝናቡና አየሩ እየሰበሩት አፈር ሆነ። አበቀለም። ቀጥሎ የመጣው ላቫ አቃጠለውና ቀልቶ ቀረ።»

ከዚያ መስመር ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አንድ ጣት የማታህል መስመር ዝናብ የዘነበበት፣ ሣር የበቀለበት፣ ማንም ያላየው ረጅም ዘመን ናት። ከላይዋ ሌላ እርከን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መስመር። ምድር ሰው ሳይኖርባት ስንት ጊዜ ለምልማ ስንት ጊዜ ነድዳለች?

ይህ ሁሉ ዘመን በምን ይታወቃል ብዬ መሞገቴ አልቀረም። ልጁም ሳይሰለች አስረዳኝ። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም 40 የሚባል ነገር አለ። ይህ በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቅልጥ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲረጋ ግን መውጫ ያጣል። እንግዲህ ታስሮ የተገኘው አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ሲመዛዘን ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በዚሁ መርህ ነው አብዛኛው የኢትዮጵያ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈስሶ ማለቁን ያሳየው።

ይህን ስሰማ ሙግቴን ተውኩ፤ ዘዴው እንግዳ አልሆነብኝምና። እኛም የምንቆጥረው በተረፈው ነው። የ2017 ዓ.ም.ን ሒሳብ እንውሰድ። 5,500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ሲቀነስ 11 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤ፣ ሁሉም ከዚህ ይወለዳሉ። እንግዲህ ልብ ይባል፦ ከ7,517 ውስጥ ለአበቅቴውና ለመጥቅዑ የያዝነው 12ቱን ብቻ ነው። ሌላውን ጥለነዋል።

ነገሩን እስከ ጫፉ ልውሰደው። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመት ነው። ዘመነ ወንጌላዊው፣ ዕለቱ፣ አበቅቴውና መጥቅዑ ሁሉ በአንድነት ወደ ጀመሩበት የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው። ስለዚህ በዓመተ ዓለሙ ላይ 532ን የፈለግነውን ያህል ጊዜ ብንደምርበት አንድም በዓል ከቦታው አይነቃነቅም። 56,391 ጊዜ ብንደምረው 30,000,012 ዓመት ይሆናል። የጅንባርን ገደል ዕድሜ በሙሉ በዓለም ዕድሜ ላይ ጭነን ስናሰላ ትንሣኤ በዚያው እሑድ ይውላል። አባቶች የሠሩት ቀመር ምድሪቱ ምን ያህል እንዳረጀች ሳይጠይቅ ሕዝቡን በአንድ ቀን የሚያስጾም፣ በአንድ ቀን የሚያስፈስክ ነው። 5,500ውም ቢሆን ዋና ነገሩ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ነው፤ የሚቆጥረው ተስፋው እስኪፈጸም የተጠበቀውን ዘመን ነው። እርግጥ ነው፣ መምህሮቼ የዓለም ዕድሜ ነው ብለው አስተምረውኛል፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን የድንጋዩን ዕድሜ ድንጋዩን እጠይቃለሁ፤ የጾሙን መግቢያ ባሕረ ሐሳብን። እስካሁን ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲነጥቅ አላየሁም።

የባሰው ጥያቄ የመጣው እመት ጎጎ ላይ ነው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ያለ፣ በሦስት ወገኑ ገደል የሆነ አፋፍ ነው። ከእኛ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስ ነበረች። እዚያ ቆማ ቁልቁል ወደ ቆላው አየችና «ጋሼ፣ ለካ እኛ ምንም አይደለንም» አለች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይህን ማለት ትሕትና ይመስላል፤ መንፈሳዊም ይመስላል። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። 30 ሚሊዮን ዓመት ያለ እኛ የኖረች ምድር ለማን ነበረች? ለእኛ ካልነበረች እኛ ምንድን ነን?

አክሲማሮስ የተባለው የሥነ ፍጥረት መጽሐፍ የስድስቱን ቀን ሃያ ሁለት ፍጥረት ሲቆጥር ሰውን ዓርብ ቀን፣ መጨረሻ ላይ፣ ሃያ ሁለተኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ይህን የምንሰብከው ለክብራችን ነው፤ ቤቱ ተሠርቶ፣ ማዕዱ ተሰናድቶ ከተጠናቀቀ በኋላ የገባ ንጉሥ ነው እንላለን። ገደሉን ካየሁ ወዲህ ግን የሚታየኝ ሰርግ ቤት ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ሁለት ነገር ሊሳሳት ይችላል። ድንኳኑ ሁሉ ለእኔ የተጣለ ነው ብሎ ያስብና ያለ ቦታው ይቀመጣል፤ ወይም ማንም አላየኝም ብሎ ያስብና የፈለገውን ይሰብራል። «ምንም አይደለንም» የሚለው ቃል ሁለተኛው ስሕተት ነው። ምንም ያልሆነ ፍጡር በምንም አይጠየቅማ።

ደግሞም ሐሰት ነው። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ተራራ ስንወጣ አስጎብኛችን በጓሳው መካከል የተከመረ ድንጋይ አሳየን። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቧሂትና ራስ ደጀን ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ግግሩ ገፍቶ ያመጣውን ድንጋይ ጥሎት ቀለጠ። በረዶው ከለቀቀ በኋላ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ያ ጥቁር፣ ለስላሳ የስሜን አፈር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ ይህንን የበረዶውን ዱካና የአፈሩን መታጠብ ነበር ያጠናው። ሺህ ዓመታት የሠሩት አፈር ቁልቁለት ላይ ሲታረስ በጥቂት ትውልድ ይታጠባል። የታጠበው በተከዜ፣ ከዚያም በአትባራ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ግብጽ ለዘመናት የዘራችበት ደለል ከፊሉ ይኸው የስሜን ድንጋይ ነው። ገደሉ ላይ ያየናትን ቀይ መስመር ያቃጠላት ላቫ ነው። የዛሬውን አፈር የሚያጥበው የእኛው ማረሻ ነው። በአንድ ዕድሜው የሺህ ዓመት ሥራ ማፍረስ የሚችል ፍጡር «ምንም አይደለሁም» ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ ነገሩን ጨርሼ ብሰብክ ደስ ባለኝ። ግን አብሮን የሚሄደው ጠብመንጃ የያዘው ስካውት የግጭ ተወላጅ ነበር። ግጭ እስከ ቅርብ ጊዜ መንደር ነበረበት፤ ነዋሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ ለትውልድ ገብስ ያርሱበት፣ ከብት ያረቡበት ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ እርሻውና ግጦሹ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። በወረቀት ሲነበብ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው።

ስካውቱ ጅብራ የበቀለበትን አንድ ጥግ አሳየኝ። «የአባቴ ማሳ እዚህ ነበር» አለኝ።

«ይቆጭሃል?» አልኩት።

«ሣሩ መመለሱን አያለሁ፤ ዋልያውም ይወርዳል። እሱ መልካም ነው» አለና ጥቂት ዝም አለ። «እናቴ ግን ደባርቅን አልለመደችውም።»

ከዚህ በኋላ «ለተፈጥሮ እንጠንቀቅ» የሚል ስብከት ቀላል አልሆነልኝም። እኔ ደባርቅ መግቢያውን ከፍዬ ገባሁ፤ እሱ የተወለደበትን መንደር ከፍሎ። ሁለታችንም ዘግይተን የመጣን ነን፤ ድንጋዩ ፊት የእሱ ጥቂት መቶ ዓመትና የእኔ ጥቂት ቀን እኩል ናቸው። ይህ እኩልነት ግን ማታለያ ነው። የ30 ሚሊዮን ዓመት ሚዛን ላይ ስንወጣ የሰው ልዩነት ሁሉ ይጠፋል፤ ብዙ የከፈለና ጥቂት የከፈለ አንድ ይሆናሉ። «ምንም አይደለንም» የሚለው አነጋገር የሚመቸው ለዚያ ጥቂት ለከፈለው ነው። ስለዚህ ምድር መጠበቅ አለባት የምንል ሰዎች ሒሳቡን በሰው ዕድሜ እንሥራው፦ ማን ማሳውን ለቀቀ፣ ማን ምን ተካለት፣ ከበሩ ክፍያ ምን ያህሉ ደረሰው? ይህ የእምነት ጥያቄ አይደለም የሚል ካለ፣ ዓርብ ከተፈጠረው አዳም ቀጥሎ በልጆቹ መካከል የተነሣው ጥያቄ ስለ ወንድም እንደነበር ያስታውስ።

ለነርሷ የመለስኩላት ይህንኑ ነው፤ ጨነቅ ላይ ሻይ እየጠጣን። አዳምጣኝ ስታበቃ ባለሙያ ናትና በባለሙያ ወግ ጠየቀችኝ፦ «እሺ ጋሼ፣ ካበላሸነው ማን ያክመዋል?» ምድር ራሷ ታክመዋለች ማለት እችል ነበር፤ ቀይ መስመሮቹ ያንን ይመሰክራሉ። ግን ለዚያ የሚያስፈልጋት ጊዜ ለእኛም ለልጅ ልጆቻችንም የሚሆን አይደለም። አክሲማሮስም ከሃያ ሁለተኛው በኋላ ሃያ ሦስተኛ አይቆጥርም፤ እኛ የሰበርነውን ሊጠግን ቅዳሜ የሚመጣ ሌላ ፍጡር አልተጠራም።