የአንጄላ ጥፋትና የተመልካች ፍርድ

ለወጣቶች ተብሎ የተሠራ የቴሌቪዥን ድራማ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሲታይ፣ በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ብዙውን ጊዜ ናፍቆት ሳይሆን ንዴት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸውን ብቻ ያያሉ፤ የተደረገላቸውን ይረሳሉ፤ በጥቂቱም በትልቁም ሰማይ የተደፋባቸው ይመስላቸዋል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከእነርሱ ጋር ያለቀሰ ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ ሊቆነጥጣቸው ይቃጣዋል። ታዲያ ይህ ንዴት ፍርድ ነው ወይስ የዕድሜ መለወጥ ብቻ?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመርመሪያ የሚሆነው ዊኒ ሆልዝማን የፈጠረችው «ማይ ሶ-ኮልድ ላይፍ» የተሰኘው ድራማ ነው፤ «ሕይወት ተብዬው ኑሮዬ» እንደ ማለት። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1994 እስከ 1995 በአሜሪካው የኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ታይቶ፣ ተመልካች ስላነሰው በ19 ክፍል ተቋረጠ። ባለታሪኳ በፒትስበርግ ከተማ ዳርቻ የምትኖር የ15 ዓመት ተማሪ አንጄላ ቼዝ ናት። አንጄላ ጸጉሯን ቀይ ትቀባለች፤ የልጅነት ጓደኛዋን ሻሮንን ምክንያቱን እንኳ ሳትነግራት ትርቃታለች፤ ከእናቷ ጋር መቀመጥ ያንገፈግፋታል። ጆርዳን ካታላኖ የተባለው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ለማየት ቀኗን ትሠዋለች። የሚወዳትን ጎረቤቷን ብራያንን ግን እንደ ቤት ዕቃ ትቆጥረዋለች። ይህን ሁሉ በደላው መንደር የበቀለ ግለኝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በድራማው ውስጥ ያልደላቸው ልጆችም ከዚህ ጠባይ ነጻ አይደሉም።

በመጀመሪያው ክፍል መምህርቷ አንጄላን ስለ አን ፍራንክ ትጠይቃታለች። አን ፍራንክ ከ1942 እስከ 1944 በአምስተርዳም ከናዚዎች ተደብቃ የዕለት ማስታወሻዋን የጻፈች፣ ኋላም ተይዛ በ1945 በበርገን-ቤልሰን የማጎሪያ ካምፕ በ15 ዓመቷ የሞተች አይሁዳዊት ልጅ ናት። የአንጄላ መልስ፣ አን ዕድለኛ ነበረች የሚል ነው፤ ምክንያቱም ከምትወደው ልጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተዘግታለች። መምህርቷ ትቆጣለች፤ መቆጣቷም ተገቢ ነው። ሚሊዮኖች ያለቁበትን ግፍ እንደ ፍቅር አጋጣሚ ማየት የኅሊና መታወር ነው። ነገር ግን መልሱ ራሱ ልጅቷ መጽሐፉን ማንበቧን ይመሰክራል። ያነበበችውም እንደ ሰማዕት ገድል ሳይሆን እንደ እኩያዋ ደብዳቤ ነው። አን በማስታወሻዋ ከእናቷ ጋር መጋጨቷን፣ ፔተር ለተባለው ልጅ ልቧ መሸፈቱን በእርግጥ ጽፋለች። ሐውልት ያቆመላት ትልቅ ሰው ይህን ለመዘንጋት ይቸኩላል። አንጄላ በከባድ ስሕተቷ ውስጥ ሆና የተገደለችው ልጅ እንደ ነበረች ታውቃለች። ከዚህ ዕውቀት ተነሥቶ ተማሪዋን እስከ በርገን-ቤልሰን በር ማድረስ የመምህርቷ ተግባር ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ የተሰማው ግን ተግሣጽ ብቻ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። አባባሉ ማቡካቱን ማን አስተማረው የሚለውን አይጠይቅም። ጆርዳን በቅጡ ማንበብ ሳይችል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሷል። ተመልካቹ ዝምታውን ኩራት ወይም ድንዛዜ ይለዋል፤ አብዛኛው ግን ኀፍረት ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፉት ሰዎች በድራማው ውስጥ ስማቸው አይነሣም፤ የሚናደድባቸውም የለም።

ይህ ሲባል ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ሻሮንም የአንጄላ እኩያ ናት፤ የበደለቻት ልጅ ስለሆነች ቁስሏ አያንስም። ልጅነት ንቀትን ሊያስቀር ይችላል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም፤ ይቅርታ የማድረግ መብትም የሻሮን እንጂ ምቹ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተመልካች አይደለም። በተመሳሳይ መንገድ ሪኪ የተባለው ልጅ ተደብድቦ ከዘመዶቹ ቤት ሲባረር የአንጄላ እሮሮ ትክክለኛ መጠኑን ያገኛል። በመጨረሻ ሪኪን በቤቱ የሚያስጠጋው መምህሩ ካቲምስኪ ነው፤ እርሱም ብዙ ካመነታ በኋላ።

ለንዴቱ ሌላም ምክንያት አለ። በ1990 በተጀመረው «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» ከተማሪዎቹ አንዷን ሆና የተጫወተችው ገብርኤል ካርተሪስ ያኔ 29 ዓመቷ ነበር። አንጄላን ሆና የተጫወተችው ክሌር ዴንስ ግን ድራማው ሲታይ በእውነት የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ትልቅ ሰው ልጅ መስሎ ሲታይ ተመልካቹ ይታገሣል፤ ልጅ ልጅ ሆኖ ሲቀርብ ይቆጣል።

በመጨረሻው ክፍል ጆርዳን አንጄላን ይቅርታ ለመጠየቅ ሽቶ ደብዳቤውን ብራያን ይጽፍለታል። አንጄላ በደብዳቤው ልቧ ይነካል፤ ወዲያው የጸሐፊውን ማንነት ትረዳለች፤ ሆኖም ከጆርዳን ጋር መኪና ውስጥ ትገባለች። ድራማው እዚያው ስለ ተቋረጠ ይህ ድርጊት የዘላለም ምርጫዋ ተደርጎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ልጅቷ ግን እውነቱን ከሰማች ገና ጥቂት ደቂቃ ነው። መኪናው ሲሄድ ብራያን መንገዱ ላይ ቆሞ ይቀራል።