ለጎሚስታው የሚሆን ባንክ

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ደሞዜን የትኛው ባንክ ባስገባው ይሻለኛል?» ብለህ ስትጠይቀኝ እናትህ ቀድማኝ «ሰፈራችን ያለው አለ አይደል፣ ወረፋም የለው» ብላ መለሰችልህ። ዝም ያልኩት እሷን ላለማሳፈር ነው። ሰፈር ያለ ባንክ ሰፈር ለሚውል ሰው ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ ሰፈርህን የምታየው በወር አራት አምስት ሌሊት ቢሆን ነው፤ የቀረውን የምታድረው የጭነት መኪናህ ጋቢና ውስጥ ነው። መታወቂያህ አዲስ አበባ ይበል እንጂ አንተ የጂቡቲ መስመር ነዋሪ ሆነሃል። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብዬ ልጻፍልህ፤ በቃል ብነግርህ ሞጆ ሳትደርስ ትረሳዋለህ።

እኔ ረዳት ሆኜ መኪና ላይ የወጣሁት በ1979 ዓ.ም. ነው። ያኔ መንገዳችን ወደ አሰብ ወደብ ነበር። ባንክ ማለት የቁጠባ ደብተር ነው፤ ደብተሩ የተከፈተበት ቅርንጫፍ ካልሄድክ ደግሞ ሳንቲም አይወጣልህም። የእኔ ደብተር አዳማ ነበር፣ ያኔ ናዝሬት የምንላት። ሚሌ ላይ ብቸገር ያ ደብተር የሚጠቅመኝ ለማራገቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁላችንም ባንክ ወንበር ሥር ነበር። ስፖንጁን በምላጭ ሰንጥቀን፣ ብሩን በላስቲክ ጠቅልለን እንከተዋለን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋና ፊታችንን ወደ ጂቡቲ ስናዞር እንኳ መንገዱ ተቀየረ እንጂ ወንበሩ አልተቀየረም።

ይህን ልማድ ጨርሶ የቆረጠልኝ ምክር አይደለም። መስከረም 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀይርና ባለ 200 ብሩን ሲያወጣ፣ አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ መመለስ ነበረበት። ሦስት ወር ለከተማ ሰው ብዙ ነው። ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ሳምንት ለሚቀመጥ፣ ተመልሶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ለማራገፍ ሌላ ሳምንት ለሚሰለፍ ሰው ግን ሦስት ወር ማለት ጥቂት ምልልስ ነው። ስንት ጓደኛዬ ስፖንጁን ፈልቅቆ፣ ከላብና ከናፍታ የተጣበቀ ብር ታቅፎ ወረፋ ላይ እንደዋለ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ወንበሬን አሰፋሁት።

ባንክ ስል ግን ሕንፃው እንዳያታልልህ። አንድ ታሪክ ልንገርህ፤ ባንኩን ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ተሻሽሎ ይሆናል።

ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ከጂቡቲ ማዳበሪያ ጭኜ ስመለስ ሎግያን ሳልፍ የተሳቢው ሁለት ጎማ ተከታትሎ ፈነዳ፤ አንዱ ቸርኬውን ይዞት ሄደ። ዓርብ ከሰዓት ነው። የአፋርን ግንቦት ገና አላየኸውም፤ ብረቱን በእጅህ መንካት አትችልም። ጎሚስታው መጥቶ አየና ዋጋውን ነገረኝ፤ ተከራክሬ አስቀነስኩት። ያን ያህል ገንዘብ ያለኝ አካውንቴ ላይ ነው። ወደ ከተማ ተመልሼ ባንኬ ስገባ ልጁ በመስኮት በኩል፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሲስተም የለም» አለኝ። ውጭ ያለው ማሽን ደግሞ ካርዴን ያስገባል፣ ያስባል፣ ይመልሳል። ቅዳሜም ሲስተም የለም። እሁድ ባንክ የለም። ሰኞ ጠዋት መስመሩ መጣ፤ ከቀትር በኋላ ግን ቅርንጫፉ ብር አለቀበት። ሦስት ሌሊት መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አደርኩ። አሠሪዬ በስልክ ይጮህብኛል፣ ማዳበሪያው ፀሐይ ይመታዋል፣ እኔ አካውንቴ ላይ ብር ያለኝ ለማኝ ሆኛለሁ።

ያወጣችኝ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴት ናት። ከመቀነቷ ፈትታ፣ ሳትቆጥር ማለት ይቻላል፣ ሰጠችኝ። በሚቀጥለው ምልልስ መለስኩላት።

በዚያ ሦስት ቀን ያሰብኩትን ነው የምነግርህ። ባንክ የሚመረጠው መኪናህ ደህና በሆነበት ቀን አይደለም። ጎማው በፈነዳበት ቀን፣ በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሰዓት ገንዘብህን ከእጅህ ወደ ጎሚስታው እጅ ማሻገር ይችላል ወይ ብለህ ነው የምትመዝነው። ማስታወቂያው፣ የሎተሪ ዕጣው፣ በዓመት የሚያወጣው ትርፍ ለባለአክሲዮኑ ነው።

የመጀመሪያ ሦስት ምልልስህን ስለዚህ እንደ ትምህርት ቤት ቁጠረው። ደብተር ያዝና ጎማህ በቆመበት ሁሉ ጻፍ፤ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ ከመድረስህ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ማደሪያህም። የቅርንጫፉን ታፔላ አትመን፤ ማሽኑ ሌሊት ብር ይሰጣል ወይ፣ እሁድስ ብለህ ጠይቅ። የምትጠይቀው ደግሞ የባንኩን ሠራተኛ አይደለም። ጎሚስታውን፣ መካኒኩን፣ ባለ አልቤርጎውን፣ ምግብ ቤቷን ነው። «እናንተ ሂሳባችሁ የት ነው?» በላቸው። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ የደረስኩበት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አንተ ብር የምትከፍላቸው ሰዎች ያሉበት ባንክ ውስጥ ካለህ፣ ከራስህ ሂሳብ ወደ እነሱ ሂሳብ በስልክ ታሻግራለህ፣ እዚያው ይደርሳቸዋል፣ ጎሚስታው ስልኩን አይቶ ክሪኩን ያነሳል። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ማስተላለፍም ዛሬ ይቻላል፤ የአንዱ ካርድም በሌላው ማሽን ይሠራል። ግን መሐል ላይ ገብቶ የሚንጠለጠል ገንዘብ አለ። «ከአንተ ወጥቷል፣ እኔ ጋ አልደረሰም» የሚል ክርክር በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አያስደስትም። ባንክህን ለራስህ ሳይሆን ለጎሚስታው ብለህ ምረጥ የምልህ ለዚህ ነው።

ደግሞ አንድ ባንክ ብቻ አትያዝ። ትልቅ ነውና አይወድቅም አትበል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ፣ ሲስተሙ ተሳስቶ ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ እስከማውጣት ሲደርሱ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። ከተማ ያለ ሰው ወሬውን በቴሌቪዥን አየ፤ መንገድ ላይ ለሚያድር ግን ሰዓታት ማለት የዕለቱ እራትና የመኪናው ጥበቃ ነው። ሁለተኛዋ ሂሳብህ ትንሽ ትሁን፤ አንድ ጎማና የሁለት ቀን አዳር የምትሸፍን። ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ጥቂት ጥሬ ብር፤ ወንበር ሥር ሳይሆን ሸሚዝህ ውስጥ።

ደሞዝህ የሚገባበትን ባንክ አሠሪህ ነው የሚመርጠው፤ በሱ አትጣላ። ይግባበት፣ አንተ በማግስቱ ወደ መንገድ ባንክህ አሻግረው።

ቴሌብርን ታውቃለህ፣ እናንተ ልጆች ከእኛ ትቀድማላችሁ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ «ይሄ የካርድ መሙያ ነው» ብዬ ስቄ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በስልክ ብቻ ይከፈል ሲባል ሳቄን ዋጥኩት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ አፕሊኬሽኑን ብቻ አትልመድ። ከገዋኔ ወዲያ ኢንተርኔቱ የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ያኔ *127# ብለህ መክፈል ካልቻልክ ሞባይልህ መስታወት ነው። የባንክህንም የኮከብና የመሰላል ቁጥር በቃልህ ያዝ። ስልክህ ደግሞ ሁለት ይሁን፤ አንዷ ያቺ የድሮዋ፣ ባትሪዋ አራት ቀን የምትቆየው። በስማርቷ ዘፈን ስታዳምጥ ሄደህ ነዳጅ ማደያ ላይ ብትዘጋብህ ከኋላህ የተሰለፈው ሹፌር የሚልህን እኔ አልጽፈውም።

ጋላፊን ስትሻገር ይህ ሁሉ ከኋላህ ይቀራል። የአገር ቤት ሲምህ እንደለመድከው አይሠራም፣ ከባንክ የሚላክልህ የማረጋገጫ ቁጥርም ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ፣ ለእናትህ የምትልከው ሁሉ ከድንበሩ በፊት ይለቅ። ዕቁብ ላይ ስምህ በሌለህበት ቢነሳ ያሳፍራል። ጂቡቲ ውስጥ የምትኖረው በፍራንክ ነው። ፍራንካቸው ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.72 ላይ ተቸንክሯል። የእኛን ብር እዚያ ሸክፈህ አትሂድ፤ በሕግም ያስጠይቅሃል፣ በምንዛሪም ይበሉሃል። አበልህን ይዘህ ግባ፣ በአበልህ ኑር፣ ውጣ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ይህን እናትህ ታውቀዋለች፤ አንተ ግን ሕፃን ነበርክ።

ሁለተኛዋ ልጄ የታመመች ጊዜ እኔ ወደቡ ላይ ነበርኩ። ሐኪም ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ። ገንዘቡ አለ፤ በስሜ ብቻ ግን ነው የተቀመጠው። ሚስቴ ደብተሩን ይዛ ብትሄድ «ባለሂሳቡ ይምጣ» አሏት። ሥርዓታቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። እሷ ከጎረቤት፣ ከእድር፣ ከእናትህም ለምና ሞላችው። ልጅቷ ዳነች፤ ዛሬ አግብታለች። ሚስቴ ግን ለወራት «ያንተ ብር» እያለች ነበር የምትጠራው፤ «ብራችን» ብላ አታውቅም ነበር።

አንተ ገና አላገባህም። ቢሆንም ሂሳብህን ስትከፍት አንዷን ከእናትህ ጋር የጋራ አድርጋት። ፎርሙ ላይ ፊርማው እንዴት እንደሚሆን ይጠይቁሃል፤ «ሁለታችን በአንድ ላይ» ካልክ ያው እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ነው። «ከሁለት አንዳችን» በል። ይህ ካልሆነልህ ውክልና ስጣት፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ በግማሽ ቀን ያልቃል። በመንገድ ባንክህ ሳይሆን በቤት ባንክህ ነው ይህን የምታደርገው። እንግዲህ ያቺ ሰፈር ያለችው፣ ወረፋ የሌላት፣ እናትህ ያለችህ ባንክ ቦታዋ እዚህ ላይ ነው። ልክ ነበረች፤ ለራሷ ልክ ነበረች። እሷ በእግሯ የምትደርስበት፣ የሚያውቋት ባንክ ይሁን። አንዳንድ ሹፌር «ሴት ብር ካየች» ምናምን ይላል። እኔ በዕድሜዬ ብር ሲያይ ያበደ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አብዛኛው ሎግያ ላይ ነበር፣ ሱሪም ለብሷል።

የሚስጥር ቁጥርህን ለረዳትህ አትንገር። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ቀን ብር ሲጎድል ጨዋውን ልጅ ትጠረጥረዋለህ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረን» የሚል ሲደውል ደግሞ እየነዳሁ ነው በልና ዝጋው። በመሪው ላይ ሆኖ፣ እንቅልፍ ባይኑ እየተንጠባጠበ፣ ያለውን ሁሉ በስልክ አንብቦ የሰጠ ጓደኛ አለኝ።

ስለ ወለድ አልጠየቅከኝም፣ ግን ትጠይቀኛለህ። ለቁጠባ የተቀመጠው ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፤ የጎማ ዋጋ ከሱ ይፈጥናል። ከወለድ ነፃ የሚፈልግም አገልግሎቱ አሁን በብዙ ባንክ አለ፣ ሎግያ ላይ አብረውህ የሚበሉት የአፋር ጓደኞችህ ይነግሩሃል። ወለዱን ሳይሆን የሂሳብህን እንቅስቃሴ አስብ። የራሴን መኪና እገዛለሁ የምትል ከሆነ፣ አንድ ቀን ብድር ፈልገህ ስትገባ ኃላፊው መጀመሪያ የሚያየው ገንዘብህ ስንት ዓመት በዚያ በር እንደገባና እንደወጣ ነው። እኔ ወንበር ሥር ባሳለፍኩት ዘመን ምን ያህል እንደሠራሁ የሚመሰክርልኝ ወረቀት የለም። የሌላ ሰው መኪና ነድቼ ጡረታ የወጣሁት ከዚህም የተነሳ ነው።

አዲስ ሂሳብ ስትከፍት የፋይዳ መታወቂያ ይጠይቁሃል፤ ካላወጣህ መንገድ ከመውጣትህ በፊት ጨርስ።

እኔ መንገድ ላይ የጻፍኩበትን ደብተር ለእናትህ ሰጥቻታለሁ፤ ሽፋኑ ናፍታ ጠጥቷል፣ ግን ይነበባል። የጎሚስታዎቹ ስም፣ የማን ሂሳብ የት እንዳለ ተጽፏል። ግማሹ አርጅቶ ይሆናል፣ አንተ አድሰው። ሎግያ ስትደርስ ከማደያው ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ያለው ምግብ ቤት ግባና ባለቤቷን ጠይቅ። የማዳበሪያው ሹፌር ሰላም ብሎሻል በላት። ገንዘቧን ከፍያለሁ፤ ቡና ግን ሳልጠጣላት ነው ጡረታ የወጣሁት።