ማዕዳችን ለማን ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባዮች መሆናችንን ስንናገር ደስ ይለናል። «ቤት ለእንግዳ» ብለን እንነሣለን፤ «በሞቴ» እያልን እናጎርሳለን። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ። በመሶባችን ዙሪያ የሚቀመጠው ማን ነው? ዘመድ፣ ወዳጅና የማኅበር ጓደኛ ብቻ ከሆነ እንግዳ ተቀበልን ማለት ይቻላልን?

አባታችን አብርሃም በቀትር ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን አየ። ከማን ወገን ናችሁ፣ ሥራችሁስ ምንድን ነው ብሎ አልመረመረም። ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውኃ፣ ለረኃባቸው እንጎቻና የሰባ ጥጃ አቀረበ።

በሀገራችን ግን ምጣድና ጀበና የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ብረት ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ «ቡዳ» እያሉ ከማዕድ ማራቅ ለብዙ ዘመን የቆየ ነገር ነው፤ በአንዳንድ አካባቢም ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ እየበሉ ባለሙያዋን ከእንጀራው ማራቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በመዝሙር ሰዓት የምንመታው ከበሮስ ያለ ቆዳ ሠሪው እጅ ድምፅ ይሰጣልን?

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ሆኖም ዐዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ሰውን ከሰው ጋር ከአንድ መሶብ አያስቆርስም። ይህ የእኛ የክርስቲያኖች ድርሻ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። ከአሕዛብ ወገን የሆነው ቆርኔሌዎስ የላካቸውን ሰዎች ተቀብሎ ያሳደረውም በዚያው ቤት ነው። በኋላ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ሲበላ ቆይቶ ሰው ፈርቶ በተለየ ጊዜ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። ከማዕድ መለየት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ሐዋርያ ሐዋርያን በሰው ፊት ባልገሠጸ ነበር።

«ሁሉን ከተቀበልን ሥርዓታችን አይፈርስምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይፈርስም። ቅዱስ ቁርባን የራሱ ሥርዓት አለው፤ የቤት ማዕድ ሌላ ነው። ወሎን እንመልከት። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ ለብቻ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ሃይማኖቱን የለወጠ የለም፤ ጉርብትናውም አልተቋረጠም። የእንግዳን ሥርዓት ማክበር እንግዳውን ማክበር ነውና።

እዚህ ላይ ምጽዋትንና ማዕድን እንለይ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ከደጅ ቆሞ ፍርፋሪ የተቀበለ ሰው ሆዱ ቢሞላም ሰውነቱ ከደጅ ቀርቷል። ጎናችን ተቀምጦ ከአንድ ትሪ የቆረሰ ግን ስሙን እንጠይቀዋለን፤ ኑሮውን እንሰማለን፤ እርሱም ያጎርሰናል። መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልንም የምንማረው በዚያ ነው።

እንግዲህ በመጪው በዓል ከሩቅ አገር መጥቶ ብቻውን የሚውለውን ተማሪ፣ ማንም የማይጠራትን ሸክላ ሠሪ፣ የእምነታችን ተካፋይ ያልሆነውን ጎረቤት እንጥራ። ስንጠራም ከጥግ ሳይሆን ከመካከል እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ጉርሻም ለእነርሱ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።