የቤት ኪራይ፣ ወለድና የባለቤትነት ሸክም

ገንዘቡን አበድሮ ወለድ የሚቀበል ሰው በብዙ ሃይማኖቶች ሲወገዝ፣ በዚያው ገንዘብ ቤት ሠርቶ ኪራይ የሚቀበለው ያለ ነቀፋ የሚታለፍበትን ምክንያት መመርመር ቤት ለሚያከራይ ሁሉ ተገቢ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በድኻ ወንድም ላይ ወለድ መጫን ተከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አበው በ17ኛው ቀኖናቸው አራጣ የሚበላ ካህን ከሥልጣኑ እንዲሻር ደንግገዋል፤ ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ ንግድን ፈቅዶ ሪባን፣ ማለትም በብድር ላይ የሚጨመረውን ትርፍ፣ እርም አድርጓል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች አንዱም ግን ቤት ማከራየትን አልከለከለም።

ለዚህ ልዩነት ከተሰጡት ማብራሪያዎች ጠለቅ ያለው የ13ኛው መቶ ዘመን የካቶሊክ መምህር የቶማስ አኩዊናስ ነው። እንደ እርሱ ትምህርት፣ በወይንና በእህል መገልገል ማለት መጨረስ ስለ ሆነ ለነገሩና ለአገልግሎቱ ለየብቻ ዋጋ መጠየቅ ፍትሕን ይጥሳል፤ ገንዘብም የሚያገለግለው ሲወጣ ነውና ከእነርሱ ወገን ይቆጠራል፤ ቤት ግን ስለ ተኖረበት አያልቅም፣ ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱን ይዞ መኖሪያነቱን ብቻ በዋጋ ቢሰጥ አይነቀፍም። የእስልምና ሊቃውንትም ኪራይን «ኢጃራ» ይሉታል፤ ይኸውም የአንድን ነገር ጥቅም ለተወሰነ ጊዜ በዋጋ ማስተላለፍ ሲሆን፣ ቤቱ ቢፈርስ የኪራይ ግዴታው አብሮ ይቀራል፤ አራጣ አበዳሪ ግን ተበዳሪው ቢከስርም ዋናውንና ወለዱን ከመጠየቅ አይመለስም።

ከሁለቱም ትምህርት የሚገኘው መደምደሚያ፣ ኪራይን ንጹሕ ገቢ የሚያደርገው ባለቤቱ በቤቱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ራሱ መሸከሙ ነው የሚል ነው። ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮውን የሚለውጥ፣ ቧንቧው ሲፈነዳ ባለሙያ የሚያመጣ፣ ቤቱ ባዶ በሚቆይባቸው ወራት ኪሳራውን የሚችል አከራይ የሚቀበለው ለሰጠው መኖሪያ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ጥገናውን ለተከራዩ ትቶ፣ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ «ካልተስማማህ ልቀቅ» እያለ በየጊዜው የሚጨምር ግን የባለቤትነትን ሸክም ጥሎ ጥቅሙን ብቻ ስለ ያዘ፣ ሥራው ወደ አራጣ አበዳሪነት ይጠጋል።

ቤቱ በባንክ ብድር ሲገዛ ጥያቄው ይከብዳል። ለምሳሌ ሁለት ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የተበደረ ሰው በመጀመሪያው ወር ለወለድ ብቻ 30,000 ብር ይፈለግበታል፤ በሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት በ20,000 ብር የሚከራይ ከሆነ፣ ዕዳው ሲያልቅ ቤቱ የሚቀረው ለባለቤቱ ነውና የ10,000 ብሩ ጉድለት በተከራዩ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ ከመበደር በፊት ገቢንና ዕዳን ማመዛዘን ከሒሳብ ጥንቃቄ አልፎ የሃይማኖት ግዴታ ይሆናል። ከወለድ መራቅ ለሚሻ ሰው የሚቀርበው «ሙራባሃ»ም፣ ማለትም ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ የሚሸጥበት ውል፣ ቅንነቱ የሚለካው ባንኩ ለአጭር ጊዜም ቢሆን የባለቤትነትን አደጋ በእውነት በመቀበሉ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዛወረ በኋላ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ብዙ የቀበሌ ቤቶች የሚጠግናቸው አጥተው አርጅተዋልና፣ የዋጋ ማነስ ብቻውን ለተከራይ ፍትሕ አያመጣም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ በመደንገግ ለተከራዩ ዋስትና ሰጥቷል። ሕግ ዘመንንና ዋጋን ቢወስንም የሚያፈሰውን ጣራ ሳይውል ሳያድር የሚያስጠግነው የባለቤቱ ህሊና ነው፤ ስለዚህ ገቢው እንዲባረክለት የሚሻ አከራይ ከየወሩ ኪራይ ላይ የጥገናውን ድርሻ አስቀድሞ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።