ማን ትልቅ አድርገው አለህ?

ባለፈው ሰሞን ስለ ቤል ሁክስ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ የምታህል ነገር መጻፍ ነበረብኝ። ለማታውቋት፦ በ1952 ኬንታኪ ተወልዳ በ2021 ያረፈች ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ስትወለድ የወጣላት ስም ግሎሪያ ጂን ዋትኪንስ ነው። ቤል ሁክስን የወሰደችው ከቅድመ አያቷ ሲሆን፣ ስሙን ሁልጊዜ በትንንሽ ፊደል ነበር የምትጽፈው። ሰዎች እኔን ትተው መጽሐፎቼ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ይዩልኝ ብላ።

ዓረፍተ ነገሩን በስሟ ጀመርኩት። ትንሿን ቢ ነካሁ፤ ቃሉን ጨርሼ ስፔስ ስመታ ቢዋ አድጋ ቁጭ አለች። አጠፋሁና ደግሜ በትንሿ ጻፍኩ። አሁን ተወኝ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብዬ እንደገና በስሟ ስጀምር ግን ያው። «ማን ትልቅ አድርገው አለህ?» አልኩት ስክሪኑን፣ ድምፄን አውጥቼ። ብቻዬን መሆኔ በጀ።

ፕሮግራሙ ተንኮል የለውም። የሚያየው ነጥብ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ፊደል ነው። ከነጥብ በኋላ የመጣችውን ፊደል ያሳድጋል። የሳምንቱን ቀናት የትም ቢያገኛቸው ያሳድጋል። ቃል ሲጀመር ሁለት ትልልቅ ፊደላት ተከታትለው ከመጡ፣ ጣት ቸኩሎ ነው ብሎ ሁለተኛዋን ያሳንሳል። አይ የምትባለዋ ፊደል ብቻዋን ቆማ ከተገኘች፣ እንግሊዝኛ «እኔ» የሚለው በእሷ ነውና፣ ወዲያው ቀጥ ያደርጋታል። በአሕጽሮተ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች ነጥብ እንዳታሳስተው ደግሞ የሚያልፋቸው ቃላት ዝርዝር አለው። አውቶኮሬክት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወርድ ውስጥ ሲገባ የታሰበው ለደግ ነው፤ በጥድፊያ የተገለባበጡ ፊደላትን ጸሐፊውን ሳያስቸግሩ መመለስ። ሳያስቸግሩ የምትለዋን ያዙልኝ።

እኔን የከነከነኝ አንዱ ምክንያት ከማንበቢያዬ ፊደል ይመጣል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር የለውም። ንጉሥም ሲጻፍ ን ያችው ን ናት፣ ንፍሮም ሲጻፍ ያችው። ትልቁን ፊደል የምናውቀው በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ ስንጽፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በብዙዎቹ መጻፊያዎች ትንሿ ቲ ተ ናት፣ ትልቋ ቲ ጠ። ስለዚህ ተፋ እና ጠፋ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ከፍታ ነው። ትልቅ ሰው ልትል የጀመርከው ቲዋ ካደገችብህ ጥልቅ ሰው ይሆንልሃል (ይሄኛውስ ባይታረም ይሻላል)። እንግሊዝኛው የፊደሏን ልብስ ቀየርኩ ሲል እኛ ጋ ቃሉ ራሱ ተቀይሯል። «እኔ»ማ ጭራሽ የእኛ ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ «መጣሁ» ስንል የግሱ ጭራ ላይ ተለጥፎ ያልፋል።

አክብሮትን በፊደል ማሳየት ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጻፈው። እዚህ ላይ ቁም ጸሐፊውን አስቡት። በጥቁሩ እየጻፈ መጥቶ ስሙ ጋ ሲደርስ እጁ መቆም አለበት። ጥቁሩ ብዕር ይቀመጣል፣ ቀዩ ይነሣል፣ ከቀዩ ቀለም ይጠቀሳል። ቀዩን ኋላ ተመልሶ የሚሞላ ከሆነም ቦታውን ለክቶ መተው አለበት፤ ማለትም ገና ሳይጽፈው አስቦታል። በየመጽሐፉ ያሉት ቀይ ስሞች ሁሉ የሰው እጅ ቆሞ ያለፈባቸው ናቸው። አንዳንዴ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምም ይገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ደግሞ አዲሱ ባለቤት ያንን ፍቆ የራሱን ያስገባል። የተፋቀው ቦታ ከነሻካራነቱ እስከ ዛሬ ይታያል። ማሽኑ ሲያርም ግን ፍቅፋቂ አይተውም። ያረመውን ሳታዩት አንቀጹን ጨርሳችሁ፣ ልካችሁ፣ ተኝታችሁ ልትነሡ ትችላላችሁ።

«አንዲት ፊደል ናት፣ ምን ታካብዳለህ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ልክ ሊሆን ይችል ነበር፣ ዱቦይስ ባይኖር። ደብሊው ኢ ቢ ዱቦይስና የዘመኑ ጥቁር አሜሪካውያን ለራሳቸው ይጠሩበት የነበረው ኒግሮ የሚለው ቃል በጋዜጦች በትንሽ ፊደል ነበር የሚታተመው። አይሪሽ በትልቁ፣ ጀርመን በትልቁ፣ እነሱ በትንሹ። ዱቦይስ ይሄ ይለወጥ ብሎ ዓመታት ሞግቷል። ኒውዮርክ ታይምስ እሺ ያለው በ1930 ነው። ዘጠና ዓመት ቆይቶ፣ በ2020፣ ይኸው ሙግት ብላክ በሚለው ቃል ላይ ተመለሰ፤ አሶሼትድ ፕሬስ በሰኔ ወር፣ ታይምስም ተከትሎ፣ ሕዝቡን ሲያመለክት በትልቁ እንዲጻፍ ወሰኑ። እንግዲህ ሰው ለአንዲት ፊደል ከፍታ ዕድሜውን ሙሉ ይሟገታል። ማክሰኞ ግን ማንንም ሳትለምን፣ አንድ ደብዳቤ ሳትጽፍ፣ በየገጹ ትልቅ ሆና ትውላለች።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው። ዱቦይስ ትልቁን ፊደል ለሕዝቡ ጠየቀ። ቤል ሁክስ ለራሷ ስም አልፈልገውም አለች። የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው፣ በአንድ ፊደል ይጽፋሉ፣ የጠየቁት ግን ተቃራኒ ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ስሙ የማን ነው? የነሱ። ማሽኑ በሁለቱም ላይ ይሳሳታል፤ የእሱን ቃል ዓረፍተ ነገር መሐል በትንሹ ካገኘው ዝም ብሎ ያልፋል፣ የእሷን ስም መነሻ ላይ ካገኘው ያሳድጋል። ቦታን ያውቃል፣ ሰውን አያውቅም። ሳያስቸግሩ ማረም ማለት ሳይጠይቁ ማረምም ነዋ።

እዚህ ድረስ ጽፌ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጋሼ ትዝ አሉኝ።

ጋሼ የድሮ አለቃዬ ናቸው፤ ጽሑፍ ማረም የተማርኩት ከሳቸው ነው። ቢሮ በገባሁ በሳምንቱ ጠርተውኝ «ስማ፣ እኔን አንተ በለኝ፤ አንቱ ስትሉኝ ከወንበሬ ጋር አብራችሁ ወደ መጋዘን የምትወስዱኝ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። ሳቁና ደገሙልኝ። በሦስተኛው ቀንም «እንዴት አደሩ?»። ከዚያ በኋላ አልሳቁም፤ ቀና ብለው ያዩኝና «ደኅና» ይሉ ነበር። አራት ዓመት ሠራን፣ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። ሲጠይቁኝ «ምላሴ እምቢ አለ፣ አስተዳደጌ ነው» እላለሁ፤ በልቤ ደግሞ ጨዋነቴን እወደው ነበር።

ነጥብ፣ ክፍት ቦታ፣ ሽበት።

ለነገሩ ቀላል መልስ የለኝም። አንቱታ ሁሉ ታስቦ ይነገር ቢባል ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ልማድ የሚባለው ነገር ጥቅሙ አክብሮት ባልተሰማን ቀንም ከክፉ ንግግር ማስጣሉ ነው፤ የምንጠላውን ሽማግሌ አንቱ የምንለውም ለዚሁ ነው። ይህን ማፍረስ አልፈልግም። ግን ሰውየው ራሱ፣ በአፉ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ «እንዲህ ጥሩኝ» ብሎ ከነገረኝ በኋላ የቀጠልኩትን ነገር አክብሮት ማለት ከበደኝ። ለማን ስል ነበር? ሰው ሲሰማኝ የተባረከ ልጅ እንዲለኝ ካልሆነ በቀር እሳቸው ከዚያ ያገኙት ነገር የለም። የረገምኩት ፕሮግራም እንኳ ቃሏን ደግሜ ስጽፋት ትቶልኛል። እኔን አራት ዓመት አልበቃኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወልኩላቸው። ስልኩ ሲጠራ ልቤ ይመታ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ምን የሚያስፈራ ነገር አለው እንዳትሉኝ፣ ሞክሩት። አነሡ።

«ሃሎ፣ ጋሼ፣ እንዴት ነህ?»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ማን ልበል?»